የተመለሰው ወተት በእርግጥ ኮምጥጦ ነበርን?

ጎሕ ሲቀድ ወደ ወተት መሰብሰቢያ ጣቢያ የሚያመራ ገበሬ በቢዶኑ ውስጥ ከወተቱ ጋር ብዙ ነገር ይዞ ይጓዛል። የልጆቹ የደብተር መግዣ፣ የፋጉሎና የፉርሽካ ዕዳው፣ ለክረምቱ ማዳበሪያ የሚከፍለው ገንዘብ ሁሉ ከዚያችው ቢዶን የሚጠበቅ ነው። በጣቢያው ደጃፍ ያለው ፈተና ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም። ተቀባዩ ሠራተኛ ከቢዶኑ ጥቂት ወተት ይቀዳና በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከእኩል አልኮል ጋር ቀላቅሎ ያንቀሳቅሰዋል። ከዚያም ብልቃጡን ዘንበል አድርጎ በብርሃን ያየዋል። ወተቱ በመስተዋቱ ላይ ለስልሶ ከወረደ ይለካል፤ ይመዘገባል። ቅንጣት ቅንጣት እየሠራ ከተቆራረጠ ግን «ኮምጥጧል፤ መልሰህ ውሰደው» ይባላል።

ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ባለወተቱ «ዛሬ ንጋት ላይ የታለበ ነው፤ ሙቀቱ እንኳ ገና አልወጣለትም» ይላል። ተቀባዩም «የማታውን ከጧቱ ደባልቀህ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ምስክር የላቸውም። ጉዳዩ ከዚያ ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበሩ ኮሚቴ፣ ከኮሚቴውም ወደ ገበሬ ማኅበሩ መሪዎች ይደርሳል። መሪዎቹም ወተቱ ተደፍቶ ወይም ለእርጎ ተቀምጦ ባደረ ማግሥት፣ ምንም የሚታይ ነገር በሌለበት፣ በቃል ብቻ እንዲፈርዱ ይጠየቃሉ። ሁለትና ሦስት ጊዜ የተመለሰበት ገበሬ ወተቱን በየቤቱ ለሚዞር ነጋዴ መስጠት ይጀምራል፤ ማኅበሩም አባሉን ከነወተቱ ያጣል።

ለመሆኑ አልኮሉ የሚያየው ምንድን ነው? በወተት ውስጥ ኬዚን የሚባል ፕሮቲን እጅግ ደቃቅ በሆኑ እንክብሎች መልክ ተበትኖ ይገኛል። እንክብሎቹ እርስ በርሳቸው ሳይያያዙ እንዲንሳፈፉ የሚያደርጋቸው ኃይል ሲዳከም ይጠጋጋሉ፤ ይቋጠራሉም። አልኮል ይህን መዳከም የሚያፋጥን ነገር ነው። ስለሆነም በአልኮል የተቆራረጠ ወተት የሚናገረው ፕሮቲኑ ጽናት ማጣቱን ነው። ጽናቱን ያጣበትን ምክንያት አይናገርም።

እርግጥ ነው፣ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ መኮምጠጥ ነው። የወተት አሲድነት ከ0.21 ከመቶ ገደማ ሲያልፍ 68 ከመቶ በሆነ አልኮል እንደሚቆራረጥ የታወቀ ነው። ነገር ግን እንገርም በአልኮል ይቆራረጣል። ጡቷ የታመመ ላም ወተት እንዲሁ ሊቆራረጥ ይችላል። በወተቱ ውስጥ ያሉት የካልሲየምና የማግኒዚየም ጨዎች ሚዛን ሲዛባም ውጤቱ ያው ነው። ከሁሉም በላይ የማኅበራት መሪዎችን ልብ ሊስብ የሚገባው ግን በብራዚል የተደረገው ጥናት ነው። በዚያች አገር ደቡባዊ ጫፍ በሚገኘው በሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ክፍለ ሀገር ተመራማሪዎች ይህን ዓይነቱን ወተት «ጽናት የሌለው፣ አሲድም ያልሆነ ወተት» የሚል ስም አውጥተውለት ለብዙ ዓመታት መርምረውታል። ላሞች መኖ ሲጎድልባቸው ወተታቸው ምንም ሳይኮመጥጥ በአልኮል ሊቆራረጥ እንደሚችል፣ በቂ መኖ ሲመለስላቸውም የወተቱ ጽናት እንደሚሻሻል በሙከራ አይተዋል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ደጋ ገበሬ ባዕድ አይደለም። በሰላሌም ሆነ በሱሉልታ፣ በሆለታም ሆነ በአርሲ ደጋ የመኖ ችግር የሚከፋው የበጋው ወራት እየገፉ ሲሄዱ ነው። ድርቆሹ ያልቃል፤ ጥገቷ በጭድና በገለባ ትውላለች፤ የፋጉሎ ዋጋ ይወጣል። ዐቢይ ጾም የሚውለውም በዚሁ ወቅት ነው። ጾሙ 55 ቀን የሚቆይ በመሆኑ በከተማ የወተት ፈላጊ ይቀንሳል። እንግዲህ ላሟ በምትከሳበት ሰሞን ገበያውም ይጠብባል ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ወተቱ የተመለሰበት ገበሬ «ገዢ ስለጠፋ ሰበብ ፈለጉብኝ» ብሎ ቢጠረጥር አይፈረድበትም። ጥርጣሬው እውነት የሚሆንበት ጊዜም ይኖር ይሆናል። ሆኖም ገበሬው የዚያኑ ዕለት ጧት ወተት አምጥቶ፣ ተቀባዩም አልኮሉ ያሳየውን ብቻ ተናግሮ፣ ማንም ሳይዋሽ ሁለቱ ሊጣሉ የሚችሉበት መንገድ መኖሩን መሪዎች አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

ለዚህ ክርክር ቀጥተኛው ምስክር ራሱ አሲዱ ነው። ወተት የሚኮመጥጠው ባክቴሪያዎች በውስጡ ያለውን ላክቶስ የሚባለውን ስኳር ተመግበው ላክቲክ አሲድ ወደሚባል ነገር ስለሚለውጡት ነው። ይህን አሲድ እ.ኤ.አ. በ1780 ከኮመጠጠ ወተት ለመጀመሪያ ጊዜ ለይቶ ያወጣው በስዊድን ይኖር የነበረው የመድኃኒት ቀማሚ ካርል ሼለ ነው። አሲዱ በወተት ወይም በደም ውስጥ ሟሙቶ በሚገኝበት ጊዜ አብዛኛው ላክቴት በሚባለው መልኩ ይሆናል። ከጤነኛ ጡት አሁን የወጣ ወተት ላክቴት የለውም ማለት ይቻላል። ሳይቀዘቅዝ ከቆየ ግን አኮምጣጭ ባክቴሪያዎች በሞቃት ቦታ ከአንድ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ እጥፍ እየሆኑ ይራባሉ። ጥቂት ሰዓቶች እንዳለፉም ላክቴቱ መጨመር ይጀምራል። ስለዚህ የላክቴቱ መጠን ወተቱ ስንት ሰዓት እንደቆየ፣ በምን ያህል ሙቀት እንደተያዘና ዕቃው ምን ያህል ንጹሕ እንደነበረ አንድ ላይ ቆጥሮ የያዘ መዝገብ ነው። አልኮሉ ሊያነበው ያልቻለው ይህን መዝገብ ነው።

እስካሁን አሲድን ለመለካት በወተት ላቦራቶሪዎች የሚሠራበት ዘዴ የማንጠባጠብ ዘዴ ነው። በ9 ሚሊ ሊትር ወተት ላይ ፌኖልፍታሊን የሚባል ጠቋሚ ጥቂት ጠብታ ይጨመርና ወተቱ ፈዛዛ ሮዝ ቀለም እስኪያሳይ ድረስ ኃይሉ 0.1 ኖርማል የሆነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ይንጠባጠብበታል። 1.6 ሚሊ ሊትር ከፈጀ አሲድነቱ 0.16 ከመቶ ነው ይባላል። ዘዴው ርካሽ ነው፤ በጥንቃቄ ከተሠራበትም የሚያስተማምን ነው። ይሁን እንጂ ሁለት ጉድለቶች አሉበት።

አንደኛው ጉድለት ያልኮመጠጠ ወተት እንኳ በዚህ ዘዴ ከ0.14 እስከ 0.18 ከመቶ ማሳየቱ ነው። ይህ ቁጥር ላክቲክ አሲድ ተብሎ ይጻፍ እንጂ የሚመጣው በአብዛኛው በወተቱ ውስጥ በተፈጥሮ ካሉት ከኬዚን፣ ከፎስፌትና ከመሳሰሉት ነው። በመሆኑም በተፈጥሮዋ 0.14 የምትሰጥ ላም ወተት መኮምጠጥ ጀምሮ 0.18 ቢደርስ እንደ ደህና ይታለፋል፤ በተፈጥሮዋ 0.18 የምትሰጠው ላም ወተት ግን ገና ትኩስ እያለ በጥርጣሬ ዓይን ይታያል። ሁለተኛው ጉድለት ከሰው የሚመጣ ነው። የኮመጠጠ ወተት ላይ ሶዳ ጨምሮ አሲዱን የሚያበርድ ሻጭ በዚህ ዘዴ ላይነቃበት ይችላል፤ ሶዳው አሲዱን ስለሚገድለው የሚንጠባጠበው መጠን ይቀንሳልና። ላክቴቱ ግን በሶዳ አይጠፋም። ከወተቱ ውስጥ እንዳለ ነው።

ላክቴትን ከሌላው ሁሉ ለይቶ የሚለካው መሣሪያ ወደ ምግብ ሥራ የመጣው ከሐኪም ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1843 ጀርመናዊው ሐኪም ዮሐን ዮሴፍ ሼረር በወሊድ ትኩሳት ከሞቱ እናቶች በተወሰደ ደም ውስጥ ላክቲክ አሲድ ማግኘቱን ጻፈ። በዚያን ጊዜ የነገሩ ትርጉም በሚገባ አልታወቀም ነበር። ኋላ እንደተረዳው የሰው ጡንቻና ሌላውም አካል በሥራ ሲጣደፍ ላክቴት ያመርታል፤ ጉበትም ያስወግደዋል። ብዙ ደም ሲፈስ ወይም ከባድ ኢንፌክሽን ሰውነትን ሲይዝ ግን የሚመረተው ከሚወገደው ይበልጥና በደም ውስጥ ይጠራቀማል።

ጤነኛ ሰው በዕረፍት ላይ እያለ በአንድ ሊትር ደሙ ውስጥ ያለው ላክቴት ከ2 ሚሊሞል በታች ነው። ሚሊሞል ኬሚስቶች የሚቆጥሩበት መስፈሪያ ሲሆን፣ 1 ሚሊሞል ላክቲክ አሲድ 90 ሚሊ ግራም ያህል ይመዝናል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመው ዓለም አቀፍ ፍቺ በኢንፌክሽን ምክንያት ሾክ ውስጥ የገባ የሚባለው በቂ ፈሳሽ ተሰጥቶት እንኳ የደም ግፊቱን ለመያዝ መድኃኒት የሚያስፈልገውና ላክቴቱ ከ2 ሚሊሞል በላይ የሆነ በሽተኛ መሆኑን ደንግጓል። 4 እና ከዚያ በላይ ሲደርስ ሐኪሞች በብርቱ ይሠጋሉ። የበሽተኛው የደም ግፊት ገና ደህና መስሎ እያለ ላክቴቱ ከፍ ብሎ አደጋውን ቀድሞ የሚያመለክትበት ጊዜም አለ። በዚህ የተነሣ ሐኪሞች ውጤቱን የሚፈልጉት ያኔውኑ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ነው፤ ነገ ጧት ከላቦራቶሪ የሚመጣ ቁጥር ሊያድን የሚችለው ሰው ትንሽ ነው።

ይህን ፍላጎት ለማሟላት በር የከፈተው አሜሪካዊው ሊላንድ ክላርክ ነው። ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1956 በደም ውስጥ ያለ ኦክሲጅንን በኤሌክትሪክ የሚለካ ኤሌክትሮድ ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ። እ.ኤ.አ. በ1962 ደግሞ ከቻምፕ ላየንስ ጋር ሆኖ በኤሌክትሮዱ ፊት ኤንዛይም ቢደረግ ሌሎችንም ነገሮች ለይቶ መለካት እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። በዚህ ዘዴ የተሠራ የደም ስኳር መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1975 ለገበያ ቀረበ። የላክቴት መለኪያም ያንኑ መንገድ ተከትሎ መጣ።

አሠራሩን ለመረዳት ጠላ የሚጠመቅበትን ብቅል ማስታወስ ይበቃል። ብቅል ውስጥ ያለው ኤንዛይም የእህሉን ዱቄት ሳይነካካ የሚተወው ነገር ይኖራል፤ ስታርቹን ግን ለይቶ ወደ ጣፋጭነት ይለውጠዋል። እያንዳንዱ ኤንዛይም እንዲህ የራሱ የሆነ ሥራ አለው። በላክቴት መለኪያ ላይ የሚደረገው ላክቴት ኦክሲዴዝ የሚባል ከባክቴሪያ የሚገኝ ኤንዛይም ነው። ይህ ኤንዛይም በወተት ውስጥ ካሉት ከቅባቱ፣ ከስኳሩና ከፕሮቲኑ ጋር ጉዳይ የለውም። ላክቴቱን ብቻ ይዞ ከኦክሲጅን ጋር ያገናኘውና ፒሩቬት ወደሚባል ሌላ ነገር ይለውጠዋል። በዚህ መካከል ሃይድሮጅን ፐሮክሳይድ ይፈጠራል። የፕላቲኒየም ጫፍ ያለው ኤሌክትሮድ 0.65 ቮልት ገደማ ሲሰጠው፣ ይህም ከአንድ የባትሪ ድንጋይ ጉልበት ግማሽ የማይሞላ ነው፣ ፐሮክሳይዱ እዚያ ላይ ይፈርስና ኤሌክትሮኖቹን ለሽቦው ያስረክባል። በሽቦው ውስጥም ደካማ የኤሌክትሪክ ጅረት ይፈስሳል። በመስኖ ቦይ የሚወርደውን ውኃ አይቶ ከላይ ምን ያህል እንደተለቀቀ መናገር እንደሚቻል ሁሉ፣ መሣሪያው ጅረቱን ለክቶ ላክቴቱ ምን ያህል እንደሆነ ይናገራል። ይህን የመሰለ በኤሌክትሪክና በኬሚካል ለውጥ የሚሠራ ጠቋሚ በባዕድ አጠራር ሴንሰር ይባላል።

ከጊዜ በኋላ ኤሌክትሮዱ በፕላስቲክ ቁራጭ ላይ በካርቦን ቀለም እየታተመ መሠራት ጀመረ። በዚህ ዓይነቱ ላይ ኤሌክትሮኑን ከኤንዛይሙ ተቀብሎ ለሽቦው የሚያቀብል ሌላ ኬሚካል ስለሚደረግበት የሚያስፈልገው ቮልት አነስተኛ ነው። በኪስ የሚያዙ መለኪያዎች አሉ። ስፖርተኞችና አሠልጣኞች ከጣት ጫፍ በተገኘች ጠብታ ደም ይጠቀሙባቸዋል፤ አንዳንዶቹ ውጤቱን ለመስጠት የሚፈጁት 15 ሴኮንድ ብቻ ነው። በምግብ በኩልም በኤንዛይም ኤሌክትሮድ የሚሠሩ ትልልቅ መለኪያዎች በፋብሪካና በምርምር ላቦራቶሪዎች ውስጥ የወይን ጠጅንና የወተት ውጤቶችን ለመመርመር ያገለግላሉ። ላክቴት የሚያሳስበው የወተት ሰዎችን ብቻም አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ እንቁላልን ሰብሮ ለሚያቀናብር ፋብሪካ የሚቀርበው ጥሬ እንቁላል በኪሎ ደረቅ ክብደቱ ከ1 ግራም በላይ ላክቲክ አሲድ እንዳይኖረው ይከለክላል፤ ባክቴሪያ ሲገባበት ላክቴቱ ስለሚጨምር ነው።

ወደ ጣቢያው ደጃፍ እንመለስ። መኮምጠጥ የጀመረ ወተት ከባክቴሪያ የመጣ 0.05 ከመቶ ላክቲክ አሲድ አለው እንበል። ይህ በሊትር ግማሽ ግራም፣ በሚሊሞል ሲቆጠር 5.6 ያህል ነው። በማንጠባጠብ ዘዴ 0.14 የነበረውን ወደ 0.19 ከፍ ያደርገዋል፤ የላሟን ተፈጥሮ የማያውቅ መርማሪም በዚህ ቁጥር ላይ ሆኖ ብይን ለመስጠት ይቸገራል። በላክቴት መለኪያ ግን ከምንም ተነሥቶ 5.6 መድረስ ሊሸሸግ የማይችል ነገር ነው። በአንጻሩ መኖ ያነሳት ላም ወተት በአልኮል ቢቆራረጥም ላክቴቱ ከዜሮ ብዙ አይርቅም። ያን ጊዜ «ደባልቀሃል» የሚለው ክስ በማስረጃ ይወድቃል። ሶዳ የጨመረውንም ያው መሣሪያ ያጋልጠዋል። በአንድ በኩል ንጹሑን ነጻ የሚያወጣ፣ በሌላ በኩል አታላዩን የሚይዝ መለኪያ ለማኅበር የሚጠቅም መለኪያ ነው።

እንዲህ ሲባል ግን ለደም የተሠራውን የኪስ መለኪያ ገዝቶ ወተት ማንጠባጠብ ይበቃል ማለት አይደለም። የደሙ መለኪያ ቁጥሩን የሚያወጣው ደምን እያሰበ ነው። የወተት ቅባትና ፕሮቲን የኤሌክትሮዱን ፊት ስለሚሸፍኑት ለወተት ተብሎ ልኩ ያልተስተካከለ መሣሪያ የተሳሳተ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። ከዚህም ሌላ የደም መለኪያዎች ከ25 ሚሊሞል ገደማ በላይ ማንበብ አይችሉም። 0.9 ከመቶ አሲድ ያለው እርጎ ደግሞ 100 ሚሊሞል ያህል ይይዛል፤ በውኃ ካልቀጠነ በስተቀር ከመሣሪያው አቅም በላይ ነው። መለኪያው ላይ የሚገባው ቁራጭ አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ሲሆን፣ ኤንዛይሙን ሙቀትና እርጥበት ስለሚያበላሹት በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሲከርም አይሆንለትም። ማኅበር እንዲህ ያለውን ዕቃ ልግዛ ቢል የመሣሪያውን ዋጋ ብቻ ጠይቆ መመለስ የለበትም። ቁራጮቹ በየስንት ጊዜው እንደሚያልፍባቸው፣ ከየት እንደሚተኩና መሣሪያው ለወተት መስተካከል አለመስተካከሉን መጠየቅ ይኖርበታል።

አንድ ሌላ እንግዳ ነገርም አለ። ላክቲክ አሲድ እንደ ቀኝና እንደ ግራ እጅ ሁለት ዓይነት ነው። ሁለቱ እጆች አንድ ዓይነት ጣቶች ኖሯቸው የአንዱ ጓንት ለሌላው እንደማይሆን ሁሉ፣ ሁለቱ አሲዶችም አንድ ዓይነት ነገር ይዘው አቀማመጣቸው የተገላቢጦሽ ነው። ኤል የሚባለው የሰውና የእንስሳ ጡንቻ የሚያመርተው ነው። ጥሬ ወተትን በመጀመሪያ የሚያኮመጥጡት ላክቶኮከስ የሚባሉት ባክቴሪያዎችም የሚያመርቱት ይህንኑ ነው። ዲ የሚባለውን ደግሞ ለፋብሪካ እርጎ የሚጨመረው ቡልጋሪኩስ የተባለው ባክቴሪያና ሌሎችም ያመርቱታል። ላክቴት ኦክሲዴዝ የሚያውቀው ኤልን ብቻ ነው። ዲ ቢበዛ አያየውም።

ይህ የላቦራቶሪ ወግ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በሬ ወይም ላም ጎተራ ሰብሮ እህል በብዛት የበላ እንደሆነ በሆዱ ውስጥ ላክቲክ አሲድ በድንገት ይጠራቀማል፤ ከዚያም ከፊሉ ዲ የሚባለው ዓይነት ነው። ከብቱ ተኝቶ እያቃሰተ፣ ለሰው የተሠራው መለኪያ የከብቱን ደም አይቶ የመርዙን ከፊል ብቻ ሊናገር ይችላል። ሁለቱንም ዓይነት ለመለካት ለዲ የሚሆን ሌላ ኤንዛይም መጨመር ግድ ነው። ለእርጎም እንደዚሁ። ለጧት ወተት ግን፣ መጀመሪያ የሚመጣው ኤል ስለሆነ፣ አንዱ ኤንዛይም ማስጠንቀቂያውን ይሰጣል።

ደግሞም ላክቴት ጨመረ ማለት ሁልጊዜ ወተቱ ውሎ አደረ ማለት አይደለም። ጡቷ የታመመ ላም ወተት ገና ሲታለብ ላክቴቱ ከጤነኛዋ ከፍ ይላል። እንዲያውም ይህን ምልክት የጡት በሽታን ቀድሞ ለማወቅ እንጠቀምበት የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ። ስለሆነም መለኪያው ከፍ ያለ ቁጥር ሲያሳይ የሚቀጥለው ጥያቄ «መቼ ታለበ?» ብቻ ሳይሆን «የስንት ላም ወተት ነው? ከመካከላቸው ጡቷ ያበጠ ወይም ወተቷ የጓጎለ አለችን?» የሚል መሆን አለበት።

ለፋብሪካውም ፍርድ መስጠት ተገቢ ነው። በአልኮል የተቆራረጠ ወተት ሳይኮመጥጥ ቢቀር እንኳ በከፍተኛ ሙቀት ለሚቀነባበር ወተት አይመችም፤ በመሣሪያዎቹ ላይ ሊረጋ ይችላል። ፋብሪካው አልቀበልም ሲል ምክንያት አለው። መለየት ያለበት አለመቀበልና መክሰስ ነው። ያልኮመጠጠ፣ ነገር ግን ጽናት ያነሰው ወተት ከጤነኛ ላም የመጣና ንጹሕ እስከሆነ ድረስ እርጎና አይብ ይሆናል፤ ማኅበሩም በዚሁ መንገድ ሊጠቀምበት ይችላል። ባለወተቱም ስሙ ሳይጠፋ «ላምህን ቀልባት» የሚል ምክር ይዞ ይመለሳል።

መለኪያው በእጅ እስኪገባ ድረስ ማኅበራት በእጃቸው ያለውን አጣምረው መጠቀም ይችላሉ። ወተት በአልኮል ሲቆራረጥ ጥቂት ወስዶ ማፍላት ነው። ሲፈላ ከረጋ መኮምጠጡ የተገፋ ነው፤ ወይም እንገር አለበት። በመሆኑም ላሟ የወለደችበት ቀን መጠየቅ አለበት። ሲፈላ ካልረጋ ግን ገና አልተፈረደም፤ ጥቂት የኮመጠጠ ወተት በአልኮል ተቆራርጦ በእሳት ሊያልፍ ይችላልና። በዚህ ጊዜ የማንጠባጠቡ ምርመራ ይከተላል። እሱም ከ0.14 እስከ 0.18 ከመቶ ውስጥ ከሆነና ከዚህ በፊት ከተመዘገበው የዚያው ገበሬ ወተት ቁጥር ጋር ከተቀራረበ፣ ነገሩን ከመኮምጠጥ ይልቅ በመኖና በጡት በኩል መፈለግ ይበጃል። ለዚህ ሲባል ደህና በሆነው ወቅት፣ ለምሳሌ መስከረምና ጥቅምት ላይ ሣር ሞልቶ ሳለ፣ የየአባሉን ወተት ቁጥር መዝግቦ ማስቀመጥ ዋጋው ብዙ ነው። በበጋ የሚነሣውን ክርክር የሚዳኘው ያ መዝገብ ይሆናል። በማግሥቱም የየላሟን ወተት ለየብቻ አምጥቶ በአልኮል ማየት የትኛዋ ላም እንደሆነች ይለያል።

ተቀባዩ በመዝገቡ ላይ ወተቱ የታለበበትን ሰዓት፣ ጣቢያ የደረሰበትን ሰዓትና የወተቱን ሙቀት በቴርሞሜትር ለክቶ ቢጽፍ ደግሞ ግማሹ ጭቅጭቅ ያኔውኑ ይቀራል። የማታ ወተት በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ካላደረ በቀር በቢዶን ተከድኖ ማደሩ ለባክቴሪያው ሠርግ ነው። እናቶች የወተቱን ዕቃ በወይራ ጢስ የሚያጥኑት ለመዓዛው ብቻ አይደለም፤ ጢሱ የባክቴሪያን መራባት እንደሚያዘገይ በጥናት ታይቷል። ለፕላስቲክ ጀሪካን ግን ይህ አይሠራም። ውስጡ እጅ ስለማይገባበት በሚገባ አይታጠብም፤ የትናንቱ ወተት ቅሪት የዛሬውን ያኮመጥጠዋል። እንዲህ ባለው ዕቃ የመጣ ወተት ላይ የሚነሣ ክርክር ከሆነ ተቀባዩ ትክክል የመሆኑ ዕድል ሰፊ ነው።

ይግባኝ የሚል ገበሬ ሲኖርም ናሙናው እዚያው፣ ባለወተቱ፣ ተቀባዩና አንድ የኮሚቴ አባል ባሉበት ወዲያውኑ ዳግመኛ ሊመረመር ይገባል። ኮሚቴው እስኪሰበሰብ ተብሎ በብልቃጥ ተዘግቶ በመስኮት ላይ የተቀመጠ ወተት ሥራውን አያቆምም። ጧት ሁለት ሰዓት ላይ ትኩስ የነበረው ከሰዓት በኋላ ሲከፈት ኮምጥጦ ይገኛል።